የኦቦ ኩምሳ መነጽር

«ኢንተላ ኮ፣ አሁን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ልግባ እያልሽ ያለሽው አንቺ ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

ሲንቄ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ቁጥሩን አየችው። ኦቦ ኩምሳ ናቸው፤ የባኮው ክሊኒክ ዘበኛ። እሳቸው «ልጄ» ሲሉ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። እሷ ደግሞ አምቦ ከተማ፣ አያንቱ ጸጉር ቤት ወንበር ላይ ናት። የጭንቅላቷ ግራ ጎን ተሠርቶ አልቋል፣ ቀኙ ገና እንደተንጨባረረ ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በአጠገቧ የለም።

«ምን አሉኝ ኦቦ ኩምሳ?»

«እዚህ ካርድ ክፍል ኮምፒዩተሩ ላይ መስኮት ወጥቷል። ‹ሲንቄ ከአምቦ ልትገባ ትጠይቃለች› ይላል። ከታች አረንጓዴና ቀይ አለው። ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል፣ እንደ ዝንብ። በዚያ ላይ አንድ ሰው በቢሮው ስልክ ደውሎ ‹ሲንቄ ናት የላከችኝ፣ አረንጓዴውን ይጫኑ› እያለ ይነዘንዘኛል። መነጋገሪያውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ በረንዳ ወጥቼ በሞባይሌ ነው የምደውልልሽ።»

«ተጫኑት እንዴ?»

«አንቺን ሳልጠይቅ እንዴት እጫናለሁ? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ?»

ሲንቄ ክው አለች። በስሟ የሚዞር ሰው አለ። ከወንበሩ ብድግ ስትል አያንቱ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲንቄ የምትሠራበት ማኅበር በባኮ፣ በጌዶ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በእንጭኒ አምስት ክሊኒኮች አሉት፤ የኮምፒዩተር ባለሙያው ግን እሷ ብቻ ናት። አንዱ ኮምፒዩተር እምቢ ባለ ቁጥር አውቶብስ መሳፈር ስለማይቻል፣ አምቦ ቁጭ ብላ የሩቁን እንደ ራሷ ከፍታ የምትሠራበት ፕሮግራም አለ። ሠራተኛው ሁሉ «ሪሞት» ይለዋል። እሷ ስትቀጠር ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ነበር፤ በየስክሪኑ ጎን በፕላስተር ተለጥፎ፣ ምሳ ይዞ የሚመጣው ዘመድ ሳይቀር ያነበው ነበር። እሷ መጥታ ደንብ አወጣች። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ፓስወርድ። ደንቡ የሚቀየረው አምቦ ካለው ከራሷ ቢሮ ኮምፒዩተር ብቻ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማንም ከሩቅ ልግባ ሲል እዚያ የተቀመጠው ሰው አረንጓዴውን ካልተጫነለት አይገባም። ስንቱ አጉረመረመባት! «ቤተ መንግሥት አደረገችው እኮ» እያሉ አሟት።

ስልጠና በሰጠች ቀን የባኮዋ ካርድ ሠራተኛ አራስ ስለነበረች በእሷ ፈንታ ኦቦ ኩምሳ መጡ። ሰው ሳቀ። ዘበኛ ለኮምፒዩተር ስልጠና! እሳቸው ማንንም ሳይቀየሙ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ደብተራቸው ላይ በትልልቅ ፊደል አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ «ሳትደውል አትጫን። የሚደወለውም ደብተርህ ላይ ባለው ቁጥር ነው።» ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ያንን ኮምፒዩተር የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ያለው የጉንፋንና የሆድ ቁርጠት ካርድ ቢሆን ኖሮ ሲንቄም እንዲህ ባልደነገጠች። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስም ዝርዝር አለ፤ ከነሰፈራቸው፣ ከነስልካቸው። ያ ዝርዝር ወጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ደግሞም ከባኮው ዝርዝር መሃል አንዱ ስም ዶርቃስ ነው። ዶርቃስ የሲንቄ አክስት ናት። እናቷ የሞተች ጊዜ ወስዳ ያሳደገቻት፣ ማንጎ ቸርችራ ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻት እሷ ናት። መድኃኒቱን መውሰድ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ ከሐኪሞቹና ከሲንቄ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ነገ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት በመዘምራን ስላገለገለች ባኮ ያለችው ቤተ ክርስቲያኗ የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅታላታለች። ሲንቄ ጸጉሯን የምትሠራው ለዚሁ ነበር።

«ቀዩን ይጫኑት» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

ቀዩ ከተጫነ ሰውየው ከባኮ ተስፋ ይቆርጣል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ ወደ ጌዶ፣ ወደ ጉደር። እዚያ ደግሞ መስኮትም አይወጣ፣ ፈቃድም አይጠየቅ፤ በሲንቄ ስም ለመጣ ሁሉ በሩ ብርግድ ነው። ማን ከፈተው? ራሷ! ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ፈይሳ «እሑድ እሑድ ከቤቴ ሆኜ ሪፖርት ማየት እፈልጋለሁ፤ የሚጫንልኝ ሰው ግን የለም» አሏት። ሦስት መሥሪያ ቤት ፊት የነሳትን ልጅ አምነው የቀጠሩ ሰው ናቸው። እንዴት እምቢ ትበላቸው? ይሉኝታ ያዛት። የራሷን ስም ከደንቡ ነፃ አደረገችና ፓስወርዷን በስልክ አነበበችላቸው። ባኮን ብቻ ሳትነካው ቀረች፤ ኦቦ ኩምሳ «የእኛን ተይው፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ እያለሁ ለምን ሰው ዝም ብሎ ይገባል? ስትደውዪልኝ እጫንልሻለሁ» ስላሏት፣ የሽማግሌ ልብ ላለመስበር ብላ ስቃ ተወችው።

«ኦቦ ኩምሳ፣ ቀዩን አይጫኑት» አለች።

«አረንጓዴውንስ?»

«እሱንማ በፍጹም! ሰውየውን ብቻ ያቆዩልኝ። ከእርስዎ ዘንድ ካልሆነለት ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። የሌሎቹ ክፍት ነው። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ምን ብዬ ላቆየው?»

«መነጽሬ ጠፋኝ ይበሉት።»

«የት ይጠፋል፣ ዓይኔ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?»

«ኦቦ ኩምሳ! በእግዚአብሔር!»

«ቆይ፣ አትጩኺ። አንቺ የምትሄጂበት ሂጂ፤ እኔ መላ አላጣም። ይሄን ስልክ ሳልዘጋው ኪሴ እከተዋለሁ፤ ትሰሚኛለሽ።»

አያንቱ ምንም ሳትጠይቅ የራሷን ሻሽ ከትከሻዋ ገፍፋ ጭንቅላቷ ላይ ጠመጠመችላት። «ሂሳቡን ሌላ ቀን! ሩጪ አንቺ!» ብላ ወደ በሩ ገፋቻት። ውጭ የሐምሌ ዝናብ እየወረደ ነበር። ሲንቄ ወደ ቢሮዋ ለመድረስ የመጀመሪያው ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

ከባኮ የዝናብ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የእርምጃ። ከዚያ በር ሲንቋረር። ኦቦ ኩምሳ ለራሳቸው «እዚህ ተቀመጥ» ሲሉ ሰማች። ከዚያ ተመልሶ የእርምጃ ድምፅ፤ አሁን ሰውየውን ማናገር ጀመሩ።

«ሃሎ፣ ጌታዬ፣ ይቅርታ አቆየሁህ። ጽሑፉ አይታየኝም። መነጽሬ ዘበኛ ቤት ነው ያለው።»

ሲንቄ ባጃጁ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። መነጽሩን ወስደው እዚያ አስቀምጠውት ነው የመጡት! እኚህ ሰው ለሌባ እንኳ አይዋሹም።

ሰውየው የሚለው አይሰማም፤ የኦቦ ኩምሳ መልስ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። «ኤዬ፣ ሄጄ ላምጣው። ጉልበቴ ያመኛል እንጂ እሄዳለሁ... አይ፣ ያለ መነጽር አልጫንም፤ የተሳሳተውን ብጫንብህስ?»

እንደገና ዝናብ። እንደገና እርምጃ፤ አሁንስ ቀብር የሚሸኙ ነው የሚመስሉት። ባጃጁ ቢሮው ደጃፍ ቆመ። ሲንቄ የያዘችውን ብር ለሹፌሩ አስጨብጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች፤ በሩን ከፈተች፤ ማብሪያውን ተጫነች። መብራት የለም።

«አይ ዕድሌ!» አለች ጮክ ብላ።

ግን ከጠረጴዛው ሥር ቲት፣ ቲት የሚል ድምፅ ሰማች። መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩንና ኢንተርኔቱን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ ነው። መብራቱ የሄደው አሁን ነበር ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ይሰጣታል፤ ቢበዛ። ተመስገን ብላ ቁጭ አለች።

የደንቡን ገጽ ከፈተች። የራሷ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርቷል፤ «ሲንቄ፣ በመስመር ላይ ናት» ይላል። እሷ ራሷ ሪሞቱን ገና አልከፈተችውም። ነጥቡ የሌላ ሰው ነው። የራስን ስም ሌላ ሰው ለብሶት ማየት እንዴት ያስጠላል!

ስልኩ ውስጥ ኦቦ ኩምሳ ቀጥለዋል። «አገኘሁት፣ አገኘሁት። እስቲ ልወልውለው፣ ዝናብ ነክቶታል... እሺ። አረንጓዴው በየት በኩል ነው አልከኝ? በግራ? በእኔ ግራ ነው ወይስ በኮምፒዩተሩ ግራ? እሱም እኮ ፊቱን ወደኔ አዙሯል።»

ሲንቄ ሳቋንም እንባዋንም ዋጠችና ሥራዋን ያዘች። መጀመሪያ በስሟ የገቡትን ሁሉ አስወጣች። ከዚያ ፓስወርዷን ቀየረች፤ ለማንም አንብባ የማታውቀው፣ ረጅም። አረንጓዴው ነጥብ ድርግም አለ።

ከባኮ በኩል ድምፅ መጣ፣ «ሃሎ? ሃሎ ጌታዬ?» ኦቦ ኩምሳ ወደ ሞባይላቸው ተመለሱ። «ኢንተላ ኮ፣ መስኮቱ ጠፋ። ሰውየውም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደህና ዋል እንኳ አላለኝም፣ ሥነ ሥርዓት የሌለው!»

«ይጠብቁኝ፣ አንድ ነገር ልይ።»

ባትሪው አሁን ቶሎ ቶሎ ይጮህ ጀመር። ማን፣ መቼ፣ የት እንደገባ የሚመዘግበውን ገጽ ከፈተች። ባኮ፣ ዛሬ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጠየቀ፣ አንዴም አልተፈቀደም። ጌዶ፣ ምንም። ጉደር፣ ምንም። ጊንጪ፣ ምንም። እንጭኒ፣ ምንም። ሰውየው ከዝርዝሩ ራስ ላይ ካለው ከባኮ ጀምሮ እዚያው ቀርቷል። አንድ ጊዜ ወደ ታች ቢወርድ ኖሮ ሁሉም ቤት ክፍት ነበር። ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ልታነብ ስትል ስክሪኑ ጠፋና ክፍሉ ጸጥ አለ።

«አልገባም» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «የትም አልገባም፣ ኦቦ ኩምሳ። አንድም ሰው አልተነካም።»

«ጌታ ይመስገን። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ደስ ብሎኝ ነው። እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ሆኜ ነበር። ገላቶማ። ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም።»

«እኔ ምን አደረግሁ? መነጽር ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዝናብ መታኝ፣ በቃ።»

ሲንቄ ፊቷን በአያንቱ ሻሽ ጠረገች። ከዓመታት በፊት ዶርቃስ የነገረቻት ነገር ድንገት ትዝ አላት፤ «በሩ ላይ ያሉት ሰውዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበራቸውን ወደ መንገድ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ጌታ ይባርካቸው፣ ስገባም ስወጣም አንድ ቀን ዓይን ለዓይን አልተያየንም።» ማክሰኞ መድኃኒቱ የሚታደልበት ቀን ነው።

«ኦቦ ኩምሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ማክሰኞ ማክሰኞ ለምንድን ነው ፊትዎን ወደ መንገድ አዙረው የሚቀመጡት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጀመሪያ እንደማንኛውም ቀን ነበር የምቀመጠው። አንዳንዱ ሰው ደርሶ ሲያየኝ አልፎ ይሄዳል፤ ዞሮ ዞሮ፣ እኔ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ነው የሚገባው። አንዲት ሴት እንዲያውም መድኃኒቷን ሳትወስድ ተመለሰች። ለካ እኔን ፈርተው ነው። ወንበሩን ባዞረው ጊዜ ቀና ብለው መግባት ጀመሩ። ስማቸውን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ዛሬ ያ ሰውዬ አረንጓዴውን ተጫን ሲለኝ፣ ለካ የሚጠይቀኝ ወንበሬን መልሼ እንዳዞር ኖሯል።»

ያቺ የተመለሰችው ሴት ዶርቃስ ትሁን አትሁን ሲንቄ አታውቅም፤ ልትጠይቃቸውም አልፈለገችም። «ነገ ባኮ እመጣለሁ፤ መጥቼ ሰላም እልዎታለሁ» ብቻ አለች።

ለኦቦ ፈይሳ ስትደውልላቸው ከለቅሶ ቤት ተነስተው፣ ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡ። ሲንቄ ከነሻሿ ጨለማው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዚያ፣ «ፓስወርዱን ለማን ሰጡት ጋሼ?» አለች።

«ለማንም...» ብለው ጀመሩና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሐሙስ ዕለት አንድ ልጅ ደወለ። ፕሮግራሙን ከሸጠልን ድርጅት ነኝ፣ ላድስላችሁ አለኝ። ትሕትናው ደግሞ! ‹ጋሼ፣ ጋሼ› እያለ። እምቢ ማለት ከበደኝ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሲንቄ።»

«እኔም ለእርስዎ የሰጠሁት እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው።»

ኦቦ ፈይሳ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሰኞ ለቦርዱ ምን እንላለን?»

«የሆነውን እንጽፋለን። ከእኔ እንጀምር፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ሁለታችንም እንፈርማለን» አሉ። «ኦቦ ኩምሳንም በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ። ከነመነጽራቸው።»

በዚህ መሃል መብራት መጣ። ኮምፒዩተሩ ተነሳ፤ ሲንቄ የደንቡን ገጽ መልሳ ከፈተች። ከታች በኩል አንድ መስመር አለ፤ «ያለ ፈቃድ መግባት የሚችል፦ ሲንቄ። ጌዶ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ እንጭኒ።» ጣቷ ማጥፊያው ላይ አረፈ።

«እሱን እንኳ ለራስሽ አስቀሪው» አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ ከኋላዋ ቆመው። «ለእኔ አይደለም፤ እኔ ይቅርብኝ። አንቺ ግን ባለሙያ ነሽ። ፓስወርዱንም ቀይረሽዋል። ድንገት አንድ ነገር ተበላሽቶ እዚያ የሚጫን ሰው ባይኖርስ?»

ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እውነት ለመናገር ሲንቄም ያንኑ እያሰበች ነበር። ስንት ጊዜ ነው አንድ አረንጓዴ ለማስጫን ግማሽ ቀን ስልክ ስትደውል የዋለችው! ስንቴ «ምሳ ወጥተዋል» ተብላለች!

«ዛሬ በር ሲደበድብ የዋለው የእኔ ስም ነው፣ ጋሼ» አለች። «ያስቆመው የእኔ ፓስወርድ አይደለም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ነው።»

መስመሩን አጠፋችው። ፕሮግራሙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለችው። ኦቦ ፈይሳ ካፖርታቸውን አራግፈው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ሪፖርቱ የሚጻፍበት ወረቀት ፍለጋ ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

አንድ የቀራት ነገር ነበር። ወደ ባኮው ኮምፒዩተር ገብታ፣ ሰውየው የተወው ነገር እንደሌለ በዓይኗ ማየት አለባት። ደወለች።

«ኦቦ ኩምሳ፣ አሁን እውነተኛዋ እኔ ነኝ። ልገባ ነው፤ መስኮቱ ሲመጣ አረንጓዴውን ይጫኑልኝ።»

«እሺ። ዝጊው።»

«ምኑን?»

«ስልኩን ዝጊውና እኔ ልደውልልሽ።»

«ኧረ ኦቦ ኩምሳ፣ አሁን እኮ አብረን አልቅሰን፣ አብረን ስቀን...»

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ ኢንተላ ኮ። ደብተሩ ላይ ግን በድምፅ እወቅ አይልም። ደግሞ ትንሽ ትታገሺኛለሽ፤ አንድ ሰው በበሩ ሲያልፍ ልይ ብዬ ወጥቼ፣ መነጽሬን እንደገና ዘበኛ ቤት ረስቼዋለሁ። አሁንስ የእውነቴን ነው።»

ከመኪና መናኸሪያው በባኮ የሚያልፈው የመጨረሻው የወለጋ አውቶብስ ጥሩምባ ተሰማ፤ እሷ የምትሳፈረው ነገ ማለዳ ነው። የአያንቱም ጸጉር ቤት ሊዘጋ ነው፤ የቀኝ ጎኗ እንደተንጨባረረ ነገ ምስጋናው ላይ መቆሟ ነው። ሲንቄ ግን አልተከራከረችም።

«እሺ አባቴ፣ ቀስ ብለው» አለች።

ስልኩን ዘጋች። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችውና፣ ሁለት እጇን አጣምራ፣ እስኪደውሉላት ጠበቀች።